«ቻው» ለማን ይባላል? የጣሊያኖች ወግና ታሪኩ

ጥያቄ፦ «ቦሎኛ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። አንዲት አዛውንት እናት እየተንከባከብኩ አብሬያቸው እኖራለሁ። ቤተሰቡ ጥሩ ነው፤ አቅፎ ይስመኛል፣ አብሬ ገበታ እቀርባለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤታችንን ደረጃ ላይ አግኝቼ ‹ቻው› ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ሐኪም ያልሆነ ሰው ‹ዶቶሬ› ሲባልም እሰማለሁ። ምግብ ቀርቦልኝ ‹በቃኝ› ስል ደግሞ ‹ኮምፕሊሜንቲ አታብዢ› ይሉኛል። እነዚህ ሰዎች ቀለል ያሉ ናቸው ወይስ ጥብቅ? ይሄ ሁሉ ወግ ከየት መጣ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት። ጣሊያንኛ ለመማር ፔሩጃ በሄድኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ከባንኮኒው ጀርባ የቆሙትን ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ በፈገግታ «ቻው» አልኳቸው። አልተቆጡም። ረጋ ብለው «ቦንጆርኖ» አሉኝ። ቃሏን ግን ጠበቅ አድርገው ነው ያሏት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የዚህን አገር ቋንቋና የወግ ታሪክ ሳጠናና ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። የተረዳሁትን ላካፍልሽ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከቻው እንጀምር። ለእኛ ቻው ማለት ደህና ሁኚ፣ ደህና ሁን ማለት ነው። ለጓደኛም ለአለቃም እንለዋለን፤ ስልክ ስንዘጋም ከአፋችን አይጠፋም። ቃሉ ወደ እኛ ሲመጣ ሕጉን እዚያው ትቶ ነው የመጣው። እነሱ ዘንድ ቻው ሲገናኙም ሲለያዩም ይባላል። የሚባለው ግን «አንተ» እና «አንቺ» ለሚባባል ሰው ብቻ ነው። ለማያውቁት ትልቅ ሰው ቀን ላይ «ቦንጆርኖ»፣ ወደ ማታ «ቦናሴራ» ይባላል። አንቺ ለመሐንዲሱ ቻው ስትያቸው፣ በእነሱ ጆሮ የተሰማው «አንተዬ፣ እንደምን ነህ» ያልሽ ያህል ነው።

የሚገርመው የቃሉ መነሻ ነው። ቻው የቬኒስ ልጅ ነው። በቬኒሶች አነጋገር «ስቻቮ ቮስትሮ» ማለት «ባሪያዎ ነኝ» ማለት ነበር። ስቻቮ የሚለው ቃል ራሱ ከስላቭ ሕዝቦች ስም የመጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን ብዙ ስላቮች እየተማረኩ ይሸጡ ስለነበር፣ የሕዝቡ ስም የባርነት ስም ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ በጓደኛሞች መካከል እንደ ቀልድ የሚወረወረው ቻው፣ መጀመሪያ ላይ እጅ ነስቶ የሚባል የአክብሮት ቃል ነበር። በአፍ ሲዞር ኖሮ አጠረ፣ ክብደቱም ቀለለ።

የጥያቄሽ ሥር ግን «ሌይ» የምትለዋ ቃል ጋ ነው ያለው። ጣሊያኖች የሚያከብሩትን ወይም የማያውቁትን ሰው «ሌይ» ይላሉ። ቃል በቃል «እሷ» ማለት ነው። ጢማም መሐንዲስን «እሷ» ማለት መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። መነሻው ከመሳፍንት ግቢ ነው። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ሰውን በቀጥታ ከመጥራት ይልቅ «ጌትነትዎ»፣ «ልዕልናዎ» ማለት ተለመደ። እነዚህ የማዕረግ ቃላት በጣሊያንኛ በሴት ፆታ ነው የሚነገሩት። «ጌትነትዎ ደህና አደረች?» እንደማለት ነው። እያደር ማዕረጉ ተረሳና «እሷ» ብቻ ቀረች።

እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። «እርስዎ ይመጣሉ» ስንል ግሱን ልብ በይው። «እነሱ ይመጣሉ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። እነሱ የሚከበረውን ሰው እንደ ሌላ ሦስተኛ ሰው ያወሩታል፤ እኛ እንደ ብዙ ሰው እናወራዋለን። ሁለታችንም የምናከብረውን ሰው በቃል ፊት ለፊት አንጠቁመውም። አንድ ልዩነት ግን አለ፣ እሱን ያዢልኝ። በእኛ ዘንድ ዕድሜ ብዙውን ይወስነዋል። እኔ አሁን በዕድሜ ስለምበልጥሽ «አንቺ» እያልኩሽ ነው፤ የሚቀየምም ያለ አይመስለኝም። በጣሊያንኛ ፊት ለፊት ተገናኝተን ቢሆን ግን ሁለታችንም ሌይ መባባል ነበረብን። የማይተዋወቁ ሁለት አዋቂዎች እኩል ይከባበራሉ። ወደ «ቱ»፣ ማለትም ወደ አንቺ ለመሻገር ፈቃድ ይጠየቃል። ጥያቄውን የሚያነሳው ደግሞ ትልቁ ሰው ነው።

ይሄ ሁሉ ማዕረግ ከየት ተትረፈረፈ? እዚህ ላይ የአገሩን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። ጣሊያን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1861 ነው። ከዚያ በፊት ሚላኖ ስፎርዛዎች፣ ማንቱዋ ጎንዛጋዎች፣ ፌራራ ኤስቴዎች፣ ፍሎረንስ ሜዲቺዎች ነበሩ። ቬኒስ ሪፐብሊክ ነበረች። አንቺ የምትኖሪባት ቦሎኛ እስከ 1859 ድረስ በሮማው ጳጳስ መንግሥት ሥር ነበረች። ብዙ ግቢ ስለነበረ ብዙ ደጅ ጠኚም ነበረ። መልእክተኛው፣ ጸሐፊው፣ ሠዓሊው ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲዞር እንጀራው የሚገኘው በአነጋገሩና በአቀራረቡ ነው። በ1528 ባልዳሳሬ ካስቲሊዮኔ ስለ ኡርቢኖ ግቢ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። «ስፕሬዛቱራ» የምትል ቃል አለችው። ልፋትን መደበቅ ማለት ነው። ለብሰሽ፣ ተናግረሽ፣ ጨፍረሽ ሁሉ ነገር ያለ ድካም እንደመጣልሽ ማሳየት። ዛሬ ገበያ ለመውጣት ብቻ ሻርፗን አስተካክላ አስራ የምትወጣውን ጎረቤትሽን ስታዪ ያ ነገር ትዝ ይበልሽ።

ይህንን ዛሬ «ቤላ ፊጉራ» ይሉታል። በሰው ፊት አምሮ መታየት ነው። ከእኛ ይሉኝታ ጋር ዘመድ ነው፣ ግን አንድ አይደለም። ይሉኝታ ወደኋላ ይይዝሻል፤ «ሰው ምን ይለኛል» ብለሽ ትተዪዋለሽ። ቤላ ፊጉራ ወደፊት ይገፋሻል፤ «ሰው ይየኝ» ብለሽ ትወጫለሽ። ማታ ማታ አደባባይ ላይ ዝም ብለው ሲመላለሱ ያየሻቸው ለዚህ ነው። መተያያ ሰዓታቸው ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ታሪክ መጣሁ። ጣሊያኖች ባለጌ ሰው ሲያዩ «ጋላቴዎ አያውቅም» ይላሉ። ጋላቴዎ የመጽሐፍ ስም ነው። ጸሐፊው ሞንሲኞር ጆቫኒ ዴላ ካዛ የቤኔቬንቶ ሊቀ ጳጳስና በቬኒስ የሮማው ጳጳስ እንደራሴ ነበሩ። መጽሐፉ የታተመው እሳቸው ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1558 ነው። ውስጡ ያለው ሰማይ ጠቀስ ፍልስፍና አይደለም። ተናፍጠሽ ስታበቂ መሐረቡን ገልጠሽ አትመልከቺ፣ ከአንጎልሽ ዕንቁ የወረደ ይመስል ይላል። ያየሽውን ሕልም እያስረዘምሽ ሰው አታሰልቺ ይላል። ጣትሽን ቅባት አታስነክሪ፣ የእጅ ማበሻው ጨርቅ ያስጸይፋል ይላል። ይቺ የመጨረሻዋ ብዙ ትነግረናለች። ሹካ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን እነሱም እንደ እኛ በእጃቸው ይበሉ ነበር። ናፖሊ ውስጥ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሰው መንገድ ላይ ማካሮኒውን በእጁ አንስቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልሶ ይበላው ነበር፤ ፎቶው ሁሉ አለ። እጅሽን ታጥበሽ እንጀራ ስትቆርሺ ግር ብሎት የሚያይሽ ካለ ይህን ንገሪው።

በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ታሪክ እንዲህ ነው። የቬሮናው ጳጳስ ጆቫኒ ማቴዎ ጂበርቲ እንግዳ ተቀባይ ሰው ነበሩ። ኮንት ሪቻርዶ የሚባል መኳንንት እሳቸው ዘንድ ጥቂት ቀን ሰነበተ። ጨዋ ሰው ነው፤ አነጋገሩም አካሄዱም ያማረ። አንዲት ነገር ብቻ ነበረችበት። ሲያኝክ ከንፈሩና አፉ የሚያስቀይም ድምፅ ያሰማሉ። ጳጳሱና ቤተሰባቸው ተጨነቁ። ገበታ ላይ ቢነግሩት ማዋረድ ነው፤ ዝም ቢሉ ደግሞ የትም ሄዶ ይሳቅበታል። እንግዳው ሊሄድ ሲነሳ ጳጳሱ በቤታቸው ካሉት ሰዎች አንዱን፣ አንደበተ ጣፋጩን ሽማግሌ ጋላቴዎን፣ እንዲሸኘው አዘዙት። ሁለቱ በፈረስ ጥቂት ተጓዙ። ሊለያዩ ሲሉ ጋላቴዎ «ጳጳሱ ስጦታ ልከውልዎታል» አለው። ከዚያም እንደሱ ያለ ጨዋ መኳንንት አይተው እንደማያውቁ ነግሮ፣ ያቺን አንዲት ነገር ብቻ እንዲያርም በፍቅር እንደለመኑት አስረዳው። ኮንቱ ፊቱ ቀላ። ወዲያው ግን ራሱን አጽንቶ፣ ሰዎች የሚሰጣጡት ስጦታ ሁሉ እንዲህ ያለ ቢሆን ኖሮ ከአሁኑ እጅግ የበለጡ ሀብታሞች በሆኑ ነበር ብሎ ምስጋና ላከ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር እኔ ራሴ ዛሬም ልቤ ይነካል። በሰው ፊት ሳይሆን ብቻውን፣ ከተከበረና ከተሸኘ በኋላ፣ እንደ ስጦታ ተሰጠው። ጎረቤትሽ መሐንዲሱም ደረጃው ላይ ሰው ሰብስበው አላረሙሽም። ፊታቸው ብቻ ተናገረ።

ዴላ ካዛ ስለ ሌላም ነገር ያማርራሉ። ባዶ እጅ መንሳት፣ ማዕረግ መደራረብ፣ ከአንገት በላይ የሆነ ምስጋና በዝቷል ይላሉ። ይህ የእኛ አይደለም፣ ከውጭ የመጣ የባዕድ ልማድ ነው ብለው ይጽፋሉ። ጊዜውን ተመልከቺ። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1559፣ በካቶ ካምብሬዚ ስምምነት ስፔን ሚላኖን፣ ናፖሊን፣ ሲሲሊንና ሰርዲኒያን በእጇ አጸናች። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስም ቆየች። ሌይ ከስፔን አልተወለደችም፤ ግን የስፔን ሹማምንት ወግ አጠነከራት። በደቡብ ጣሊያን ትልቅ ሰው «ዶን» የሚባለውም የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

ያስቸገረሽ «ኮምፕሊሜንቲ» እንኳ ከስፔን የመጣ ቃል ነው። ግዴታን መፈጸም፣ ወግ ማድረስ ከሚል ቃል የወጣ ነው። አማርኛው ግን ከማንኛውም መዝገበ ቃላት ይበልጣል፤ መግደርደር ነው። «ኮምፕሊሜንቲ አታብዢ» ሲሉሽ «አትግደርደሪ» ማለታቸው ነው። እኛ አገር አስተናጋጇ ሦስት አራት ጊዜ «በሞቴ» ትላለች፣ እንግዳዋም ይህን ስለምታውቅ መጀመሪያ እምቢ ትላለች። እነሱም ይለምናሉ፣ ግን ቶሎ ይተዋሉ። እኔ የምመክረው አንዴ እምቢ ብለሽ በሁለተኛው እንድትቀበይ ነው። ስትግደረደሪ ጦምሽን እንዳታድሪ።

«ዶቶሬ» ደግሞ የከተማሽ ልጅ ነው። የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ልደቱን ከ1088 ይቆጥራል፤ በአውሮፓ አንጋፋው ነው። የሕግ ሊቃውንቱ ዶቶሬ ይባሉ ነበር፤ ክብራቸውም ከባላባት አያንስም ነበር። ዛሬም ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሁሉ ዶቶሬ ነው፤ ሴቷ ዶቶሬሳ ናት። ቦሎኛ ጎዳና ላይ የሎሬል ቅጠል አክሊል ራሳቸው ላይ ደፍተው የሚጨፍሩ ወጣቶች አይተሽ ይሆናል። የተመረቁ ዕለት ነው። በ1948 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት የመኳንንት ማዕረግ አላውቅም አለ። ሰው ግን ማዕረግ መጥራት አልተወም። የሙያው ስም ቦታውን ያዘ፤ ኢንጄኜሬ (መሐንዲስ)፣ አቮካቶ (ጠበቃ)፣ ፕሮፌሶሬ። የፊያቱ ጌታ ጂያኒ አኜሊ ጥብቅና ሳይቆም በመላው አገር «አቮካቶ» እየተባለ ነው የኖረው። ኢንጂነር እገሌ፣ ዶክተር እገሌ ማለት ለሚቀናን ለእኛ ይሄ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

አንድ ሰው ይህን ሁሉ በትእዛዝ ሊለውጥ ሞክሮ ነበር። በ1938 የፋሽስት መንግሥት ሌይን ከለከለ። ባዕድ ነው፣ የአሽከር ቃል ነው፣ ሴታሴት ነው ተባለ። ለፓርቲ አባላትና ለመንግሥት ሠራተኞች «ቮይ» ይባል የሚል ትእዛዝ ወጣ። ቮይ የብዙ ቁጥር «እናንተ» ነው። ሌይ የሚባል የሴቶች መጽሔት ስሙን ወደ አናቤላ ለወጠ፤ የመጽሔቱ «ሌይ» ተራዋ «እሷ» ብትሆንም እንኳ አልተራራለትም። እጅ መጨባበጥም ንጽሕና የለውም ተብሎ፣ ክንድ ዘርግቶ በሮማ ሰላምታ ይተካ ተባለ። የሮማ አባቶቻችን ወግ ነው ይሉ ነበር። የጥንቶቹ ሮማውያን ግን ቄሳራቸውንም ቢሆን «ቱ» ነበር የሚሉት።

የዚህ ዘመቻ ዋና አራጋቢ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ ነው። ስሙን እኛ ልናውቀው ይገባል። በኤፕሪል 1 ቀን 1936 በመኪና የተጓዘውን ጦር እየመራ ጎንደር የገባው እሱ ነው። ሰው እንዴት ሰላም እንደሚባባል በትእዛዝ ሊያስተካክል የተነሳው ሰው፣ ከሁለት ዓመት በፊት የእኛን አገር ሲወር ነበር። በ1945 ሚላኖ ውስጥ ተረሽኖ ሬሳው ከሙሶሊኒ ሬሳ ጎን ተሰቀለ። ሌይ ግን ተመለሰች። ፋሽስትን የሚጠላ ሰው ሆን ብሎ ይጠቀምባት ስለነበር እንዲያውም ክብር አተረፈች። ናፖሊ ብትሄጂ ሽማግሌዎችን «ቮይ» ሲሏቸው ትሰሚያለሽ፤ ያ ከሙሶሊኒ አይደለም፣ ከእሱ በፊት የነበረ የደቡብ ልማድ ነው። ሌይን በእውነት ያሳሳት ከ1968 ወዲህ የመጣው የተማሪዎች እንቅስቃሴ ነው። ወጣቱ እርስ በርሱ፣ የሥራ ባልደረባም ከባልደረባው ቱ መባባል ጀመረ። ቤተሰቡ ገና በመጀመሪያው ቀን አንቺ ያለሽ፣ መሐንዲሱ ግን ቦታቸውን የያዙት በትውልድ ልዩነትም ጭምር ነው።

ስለ ካፑቺኖ ብዙ አልልም። ከምሳ በኋላ አይጠጣም የሚሉት ወተቱ ይከብዳል ብለው ነው፤ አንቺ ካማረሽ ጠጪው። ሰው ቤት ስትገቢ ግን በሩ ቢከፈትልሽም «ፔርሜሶ» በይ። «ይፈቀድልኛል?» ማለት ነው፤ ሽማግሌዎች ይወዱታል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አላልፍም፤ ይሄ ከልቤ ያንገበግበኛል። ቢሮ ወይም ሱቅ ውስጥ ጸሐፊው ከፊትሽ የነበረችውን ጣሊያናዊት ሌይ ብሎ አስተናግዶ፣ ወዲያው አንቺን «ቱ» ካለሽ፣ ያ ቅርበት አይደለም። ስደተኛ ነሽ ብሎ ነው። ብዙዎች ልብ ሳይሉት ያደርጉታል፤ ጣሊያኖች ራሳቸውም ይህን ሲነቅፉ ሰምቻለሁ። ከአዲስ አበባና ከአስመራ ሄደው በሮማና በሚላኖ ቤቶች ሲያገለግሉ የኖሩ ስንት እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን «ቱ» እየተባሉ ሌይ ሲመልሱ ኖረዋል። የምትንከባከቢያቸው እናት አንቺ ቢሉሽ ሌላ ነገር ነው፤ የልጃቸው ያህል ነሽ። ጸሐፊው ግን አያውቅሽም። አትቆጪ፣ ድምፅሽንም ከፍ አታድርጊ። በሌይ መልሺለት። ረጋ ብለሽ፣ ቃሏን ጠበቅ አድርገሽ፣ ልክ ያቺ የፔሩጃ ፋርማሲስት ለእኔ እንዳደረጉት። አብዛኛው ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ለጎረቤትሽ ደግሞ ነገ ጠዋት ደረጃው ላይ ስታገኚያቸው «ቦንጆርኖ፣ ኢንጄኜሬ» በያቸው። ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግሽም። አንድ ቀን እሳቸው ራሳቸው «ቱ እንባባል» ቢሉሽ፣ ያኔ ቻው ማለት ትችያለሽ። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።